ሰባት ሄክታርና አንድ ስም

ከፈረንሳይዋ አንዤ ከተማ በስተደቡብ ምዕራብ፣ በሎዋር ወንዝ ቀኝ ዳርቻ ሳቬኒዬር የምትባል መንደር አለች። በወሰኗ ውስጥ ወንዙን ቁልቁል የሚያይ፣ ስፋቱ ሰባት ሄክታር ገደማ የሆነ የወይን ተዳፋት ይገኛል፤ ኩሌ ደ ሴራን ይሉታል። የሲስተርሲያን ማኅበር መነኮሳት እ.ኤ.አ. በ1130 ወይን እንደተከሉበት ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1214 የእንግሊዙ ንጉሥ ጆን እዚሁ ኮረብታ ላይ የነበረውን ምሽግ ከብቦ ሳለ የፈረንሳዩ አልጋ ወራሽ ጦር ሲመጣበት ከበባውን ጥሎ ሸሽቷል። ባለፈው ክፍለ ዘመን ደግሞ ኩርኖንስኪ በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው የፈረንሳይ የምግብ ጸሐፊ ከዚህ ቦታ የሚወጣውን ወይን ከአገሩ አምስት ታላላቅ ነጭ ወይኖች አንዱ አድርጎ መድቦታል።

ዛሬ የቦታውን ስም የሚያነሱ ሰዎች ከታሪኩ ይልቅ ስለ አስተራረሱ ያወራሉ። እርሻው ከ1962 ጀምሮ የዦሊ ቤተሰብ ንብረት ነው፤ ከ1984 ጀምሮ ደግሞ ሙሉ በሙሉ የሚለማው ባዮዳይናሚክ በሚባለው ዘዴ ነው። በዚህ ዘዴ እበት የታጨቀበት የላም ቀንድ በመጸው ይቀበራል፤ በጸደይ ይወጣና በውሃ ተበጥብጦ እርሻው ላይ ይረጫል። ሥራ የሚሠራበት ቀን ሲመረጥም የጨረቃ አካሄድ ይታያል። ይህን የሰማ ሰው ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱን ይይዛል፤ ወይ ጥንቆላ ነው ብሎ ይስቃል፣ ወይ የተረሳ ጥበብ ነው ብሎ ያደንቃል።

ሁለቱም ነገሩን በጥቅሉ ስለሚያዩት ነው። ጥቅሉ ሲፈታ ቢያንስ ሦስት ነገሮች ይወጡታል፤ ማንኛውም የግብርና ባለሙያ የሚቀበለው የአፈር አያያዝ፣ ውጤቱ በሙከራ ያልተረጋገጠ የቀንድና የዕፅዋት ዝግጅት፣ እንዲሁም ስለ ሰማይ አካላት የሚነገር እምነት። ከሦስቱ ሌላ ስለ ዘዴው ሲወራ የሚዘለል አራተኛ ነገር አለ፤ እሱም ሒሳብ ነው። አንድ ቤተሰብ ይህን ሁሉ ድካምና ኪሳራ አርባ ዓመት ሙሉ እንዴት ሊሸከመው ቻለ? መልሱን ከቀንዱ ይልቅ ጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው የቦታ ስም ማግኘት ይቻላል።

ከባንክ ወደ እርሻ

ኒኮላ ዦሊ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1945 ነው። በኒው ዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የንግድ አስተዳደር ተምረው ጄ ፒ ሞርጋን በተባለው ባንክ ኒው ዮርክና ለንደን ውስጥ ሠርተዋል። በ1977 ሥራቸውን ለቀው እናታቸው ያስተዳድሩት ወደነበረው እርሻ ተመለሱ። እንደ ደረሱም አንድ የግብርና አማካሪ መጥቶ ምክር እንደለገሳቸው ደጋግመው ይተርካሉ። የምክሩ ፍሬ ነገር እናትዎ መልካም ሠርተዋል፣ አሠራራቸው ግን አርጅቷል፤ አረሙን በኬሚካል ቢያጠፉ ብዙ ገንዘብ ይተርፍዎታል የሚል ነበር። ለባንክ ሰው ይህ እንግዳ ቋንቋ አልነበረም። ኬሚካሉ ተረጨ፤ ወጪውም ቀነሰ። በሁለት ዓመት ውስጥ ግን የአፈሩ መልክ ሲለወጥ፣ በእርሻው ይታዩ የነበሩ ጥንዚዛዎችና ቆቆች ሲጠፉ አየሁ ይላሉ።

በዚያው ሰሞን ስለ ባዮዳይናሚክ እርሻ የተጻፈ መጽሐፍ እጃቸው ገባ። በ1980 በከፊል መሬት ላይ ሙከራ ጀመሩ፤ ከአራት ዓመት በኋላ እርሻው በሙሉ ወደ አዲሱ ዘዴ ዞረ። በ1997 የራሳቸውን መጽሐፍ አሳተሙ። በ2001 ደግሞ በተመሳሳይ መንገድ የሚሠሩ የወይን ገበሬዎችን የሚያሰባስብ ማኅበር መሠረቱ። አሁን የእርሻውን የዕለት ተዕለት ሥራ የሚመሩት ልጃቸው ቪርዢኒ ዦሊ ናቸው። እናት፣ ልጅና የልጅ ልጅ ተቀባብለውታል ማለት ነው፤ ይህ የትውልድ ቅብብል ወደ በኋላ ሒሳቡ ውስጥ ተመልሶ ይመጣል።

የዘዴው ምንጭ

ዦሊ ያነበቡት ሐሳብ የተነሳው ከወይን አገር ርቆ ነው። ኦስትሪያዊው ፈላስፋ ሩዶልፍ ስታይነር እ.ኤ.አ. በሰኔ 1924 ኮበርቪትስ በሚባል መንደር፣ በአንድ መስፍን ርስት ላይ፣ መቶ ለሚበልጡ ሰዎች ስለ እርሻ ስምንት ንግግሮች አደረገ። መንደሩ ያኔ የጀርመን ነበር፤ ዛሬ በፖላንድ ውስጥ ይገኛል። ወቅቱ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በፋብሪካ የተሠራ የናይትሮጅን ማዳበሪያ በአውሮፓ እርሻዎች የተስፋፋበት ነበር። ንግግሩን የጠየቁት ገበሬዎች ዘራቸውና ከብቶቻቸው እየደከሙ መምጣታቸው አሳስቧቸዋል።

ስታይነር ገበሬ አልነበረም፤ ሙከራ የሚሠራበት ማሳም አልነበረውም። ትምህርቱ በአንድ ሐሳብ ላይ ቆሟል፤ እርሻ ራሱን የቻለ አንድ አካል ነው፣ የሚያስፈልገውን በተቻለ መጠን ከራሱ ከብት፣ ከራሱ ዕፅዋትና ከራሱ ፍግ ማግኘት አለበት። በዚህ ላይ ዘጠኝ ዝግጅቶችን የሚመለከት መመሪያና ስለ ፕላኔቶች ተጽዕኖ የሚያስረዳ መንፈሳዊ ትምህርት ጨመረ። እርሱ በመጋቢት 1925 ሞተ፤ ተከታዮቹ ዲሜተር የሚለውን የንግድ ምልክት በ1928 አስመዘገቡ። ዲሜተር ዛሬም የባዮዳይናሚክ ምስክር ወረቀት የሚሰጥ ዋናው ስም ነው። የሚገርመው ስታይነር አልኮል ለመንፈሳዊ ሕይወት አይበጅም ብሎ የሚያስተምር ሰው መሆኑ ነው። ዘዴው በዓለም ዙሪያ ዝና ያገኘው ግን በወይን ጠጅ በኩል ነው።

ቀንዱ ሲቀበርና ሲወጣ

ከዝግጅቶቹ ዋነኛው በቁጥር 500 ይባላል። የወለደች ላም ቀንድ ይመረጣል፤ ውስጡ ትኩስ እበት ይታጨቃል፤ ከዚያ ቀንዶቹ ጥልቀት በሌለው ጉድጓድ ተደርድረው አፈር ይለብሳሉ። ክረምቱን በሙሉ እዚያው ይቆያሉ። በጸደይ ሲወጡ እበቱ እበትነቱን ትቷል፤ ጠቁሯል፣ በጣት ሲያሹት ይፈረፈራል፣ ሽታውም የዱር አፈር ሽታ ነው። ከዚህ ለአንድ ሄክታር ወደ 100 ግራም ተወስዶ ከ30 እስከ 40 ሊትር በሚሆን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ይጨመራል። ከዚያ አንድ ሰዓት የሚፈጅ ማማሰል ይጀመራል። በእንጨት ከበርሜሉ ዳር ጀምሮ ወደ አንድ አቅጣጫ ይዞራል፤ ውሃው እስከ ሥሩ የሚወርድ አዙሪት ሲሠራ ድንገት አቅጣጫው ይገለበጣል፤ አዙሪቱ ፈርሶ አረፋ ይሆናል፤ ቀስ በቀስ በሌላው አቅጣጫ አዲስ አዙሪት ይወለዳል። ሰዓቱ እስኪሞላ ይህ ይደጋገማል። ሲመሽ በትላልቅ ጠብታ አፈሩ ላይ ይረጫል።

ቁጥር 501 በተቃራኒው የተፈጨ ኳርትዝ ነው። በበጋ ተቀብሮ ይወጣል፤ ለአንድ ሄክታር አራት ግራም ያህል ብቻ ይበቃል ይባላል፤ የሚረጨውም ማለዳ ቅጠሉ ላይ ነው። ከ502 እስከ 507 ያሉት የብስባሽ ክምር ውስጥ የሚገቡ ናቸው፤ በአጋዘን ፊኛ የተቋጠረ ያሮ፣ በላም አንጀት የታጨቀ ካሞሜል፣ ሳማ፣ በእንስሳ ራስ ቅል ውስጥ የቆየ የኦክ ቅርፊት፣ ዳንደላየንና የቫለሪያን ጭማቂ። የመጨረሻው 508 ከፈረስ ጭራ ሣር የሚፈላ ሻይ ሆኖ ለሻጋታ መከላከያ ይረጫል።

የመጠኑ ነገር ሲሰላ ጥያቄው ራሱ ይወጣል። 100 ግራም በ10,000 ካሬ ሜትር ሲበተን ለአንድ ካሬ ሜትር የሚደርሰው 0.01 ግራም ነው። እንዲህ ያለ መጠን በማዳበሪያነት ምንም ሊያደርግ አይችልም፤ ይህን ዘዴውን የሚከተሉትም ያምናሉ። እነሱ የሚሉት ዝግጅቱ ምግብ ሳይሆን የሕይወት ኃይልን የሚያነቃቃ ነው የሚል ነው። ሳይንስን መጠጋት የሚፈልጉት ደግሞ ጠቃሚ ተህዋስያንን ወደ አፈሩ ያስገባል ይላሉ። ይህም ቢሆን ቀላል ጥያቄ ይጠብቀዋል፤ አንድ ግራም ጤናማ አፈር ብቻውን በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች ሲኖሩት ከሰማይ የወረደው ቅንጣት እንግዳ ከዚያ ብዛት መካከል ምን ይለውጣል?

ሙከራዎቹ ምን አሳዩ

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚፈልጉ ረጃጅም ሙከራዎች አሉ። ትልቁ ከባዝል አጠገብ፣ በስዊዘርላንዷ ቴርቪል ከ1978 ጀምሮ የሚካሄደው ነው። በጎን ለጎን ማሳዎች ባዮዳይናሚክ፣ ኦርጋኒክና ተለምዷዊ እርሻ ይነጻጸራሉ። በ2002 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣው የሃያ አንድ ዓመት ውጤት በኬሚካል ያልታገዙት ማሳዎች ምርት በ20 በመቶ እንደሚያንስ፣ የማዳበሪያና የኃይል ፍጆታቸው ግን ከ34 እስከ 53 በመቶ፣ የተባይ ማጥፊያ ፍጆታቸውም በ97 በመቶ እንደቀነሰ አሳየ። የአፈሩ ሕይወትም ዳብሮ ተገኝቷል። ለባዮዳይናሚክ ወገን ይህ ጥሩ ዜና ነው፤ ሆኖም ማሳዎቹ የሚለያዩት በቀንዱ ብቻ አልነበረም። የፍጉ አበሰባበስም ስለሚለያይ የትኛው ምን እንዳመጣ ከዚህ ሙከራ ለይቶ ማውጣት ያስቸግራል።

ወይንን በቀጥታ የሚመለከተው የጀርመኑ ጋይዘንሃይም ሙከራ ነው። እዚያ ከ2006 ጀምሮ ሪዝሊንግ በተባለ የወይን ዝርያ ላይ ሦስቱ ዘዴዎች እየተነጻጸሩ ነው። ኦርጋኒኩና ባዮዳይናሚኩ በአንድ ዓይነት ሁኔታ እንዲያዙ ተደርጎ በመካከላቸው የቀረው ዋና ልዩነት ዝግጅቶቹ ናቸው። ሁለቱም ከተለምዷዊው ጋር ሲተያዩ የተክሉ ዕድገትም ምርቱም ዝቅ ብሏል። ሁለቱ እርስ በርስ ሲነጻጸሩ ግን ዝግጅቶቹ በዕድገት፣ በምርትና በፍሬው ጥራት ላይ ያመጡት ለውጥ ከቁጥር የሚገባ አልሆነም።

ስለ ጨረቃም የተሠራ ነገር አለ። ጀርመናዊቷ ማሪያ ቱን በ1960ዎቹ ማውጣት በጀመረችው የዘመን መቁጠሪያ ቀናት በጨረቃ አቀማመጥ የሥር፣ የቅጠል፣ የአበባና የፍሬ ተብለው ይከፈላሉ፤ ወይን በፍሬ ቀን ሲጠጣ ጣዕሙ ይከፈታል፣ በሥር ቀን ይዘጋል የሚል እምነትም ከዚያ ተስፋፍቷል። በ2017 የታተመ የኒው ዚላንድ ጥናት ለ19 የወይን ባለሙያዎች 12 ዓይነት የፒኖ ኗር ወይን ቀኑ ምን እንደሆነ ሳይነገራቸው አቀመሰ። የሰጡት ፍርድ ከቀኑ ዓይነት ጋር ምንም ዝምድና አልነበረውም።

ስለዚህ እስካሁን ባለው ማስረጃ የእርሻው ጥቅም ከኦርጋኒክ አሠራሩ ይመጣል፤ ቀንዱና ጨረቃው የጨመሩት ነገር በመለኪያ አልተያዘም። ማስረጃ አለመገኘቱ ነገሩ የለም ለማለት ብቻውን ባይበቃም፣ ዘዴው ከተነሳ መቶ ዓመት ያህል አልፎም ከሙከራ ማሳ በግልጽ ያልወጣ ውጤት ትልቅ ሊሆን አይችልም ብሎ መገመት ተገቢ ነው።

ታዲያ ልዩነቱን የሚያመጣው ምንድን ነው?

የኩሌ ደ ሴራን ወይን ጣዕሙ ልዩ መሆኑን የሚወዱትም የማይወዱትም ይናገራሉ። ዝርያው ሼኒን ብላን ነው፤ አፈሩ ሺስት በሚባል እንደ ገጽ በተነባበረ ድንጋይ ላይ የተኛ ስስ አፈር ነው። በእንዲህ ያለ መሬት ላይ ተለምዷዊውን ዘዴ መተው የሚያመጣው ለውጥ በተራ የዕፅዋት ትምህርት ሊገለጽ ይችላል።

አረም በኬሚካል ሲጠፋ መሬቱ ራቁቱን ይቀራል፤ ማንም አያርሰውምና ይጠጥራል። በላዩ ላይ የሚሟሟ ማዳበሪያ ሲበተን ምግቡ ከላይ ስላለ የወይኑ ሥር ወደ ታች የሚወርድበት ምክንያት ያጣል። መሬቱን በየዓመቱ ማረስ ግን ከላይ ያሉትን ሥሮች ይቆርጣል፤ ተክሉ በድንጋዩ ንብብር መካከል እየሰነጠቀ ወደ ጥልቁ ይወርዳል፤ ድርቅ ሲመጣም ውሃ አያጣም። በተዳፋቱ ላይ የሚታረሰው በፈረስ ነው፤ ትራክተር በዚያ ቁልቁለት አደገኛ ከመሆኑም በላይ አፈሩን ይደቀድቃል። ለብስባሹ የሚሆነው ፍግ እዚያው ከሚረቡ ከብቶች ይገኛል። ይህ ሁሉ ያለ አንድ ቀንድም ሊሠራ የሚችል ነው።

ለቀማው ላይ ልዩነቱ ይበልጥ በዓይን ይታያል። ብዙ እርሻዎች በአንድ ማሽን፣ በአንድ ሌሊት ይለቅማሉ። እዚህ ግን ለቃሚዎች በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ውስጥ በተመሳሳይ ረድፍ አራትና አምስት ጊዜ ይመላለሳሉ። በእያንዳንዱ ዙር የሚቆረጠው ወደ ወርቃማ ቢጫ የዞረው ዘለላ ብቻ ነው፤ አንዳንዱ ፍሬ ለወይኑ ጥሩ በሚባል ሻጋታ ተነክቶ መጨማደድ ጀምሯል። አረንጓዴው ለሳምንት ይቆያል። አንድን ግንድ በአንድ ወር ውስጥ አምስት ጊዜ ቀርቦ ማየት በራሱ የበሽታንና የረሀብን ምልክት በጊዜው የሚያሳይ ነገር ነው። ዝግጅቶቹን መርጨትም ሠራተኛውን በየሰሞኑ ወደ ተክሉ ይመልሰዋል። ዘዴው በተዘዋዋሪ የሚጠቅመው በዚህ ሳይሆን አይቀርም፤ ገበሬውን ቢሮ ሳይሆን ማሳ ውስጥ ያውለዋል።

ወደ ጓዳው ሲገባም የሚቀጥለው ነገር መተው ነው። ጭማቂው የሚፈላው ከእርሻውና ከጓዳው በመጣ የራሱ እርሾ ነው፤ ሽታ እንዲሰጥ ተመርጦ በፋብሪካ የተዘጋጀ እርሾ አይገባበትም። ዕቃው አሮጌ የኦክ በርሜል ነው፤ የአዲስ እንጨት ጣዕም እንዳይጫነው። ውጤቱ ሁሉንም አያስደስትም። አንዳንድ ዓመት አልኮሉ ከፍ ይላል፤ አንዳንድ ሃያሲም አየር የነካው ጣዕም አለው ብሎ ይነቅፈዋል። ዦሊ ራሳቸው ጠርሙሱ ከመጠጣቱ ከአንድ ቀን በፊት እንዲከፈት ይመክራሉ።

መዳብ፦ ያልተፈታው ጉዳይ

ስለ ዘዴው የሚጻፉ ውዳሴዎች አንድ ነገር ያሳንሳሉ፤ ባዮዳይናሚክ ወይን የማይረጭበት ወይን አይደለም። የወይን ቅጠል ሻጋታ ከሰሜን አሜሪካ ተነስቶ ፈረንሳይ የደረሰው በ1870ዎቹ መጨረሻ ነው። መድኃኒቱ የተገኘው በአጋጣሚ ነበር። በቦርዶ አቅራቢያ ያሉ ገበሬዎች መንገደኛ ፍሬያቸውን እንዳይቀጥፍ መዳብ ሰልፌትና ኖራ በጥብጠው መንገድ ዳር ያሉ ወይኖችን ይቀቡ ነበር። ሚላርዴ የተባለ የዕፅዋት ምሁር የተቀቡት ወይኖች ቅጠላቸው እንዳልረገፈ አስተዋለ፤ በ1885 ቅይጡን በይፋ አሳወቀ። ኦርጋኒክም ባዮዳይናሚክም ገበሬዎች እስከ ዛሬ በዋናነት የሚተማመኑት በዚሁ መዳብና በድኝ ነው።

መዳብ ማዕድን ስለሆነ አይበሰብስም፤ የተረጨው ሁሉ በጊዜ ብዛት አፈር ውስጥ ይከማቻል፣ ሲበዛም የአፈር ትልንና ተህዋስያንን ይጎዳል። የአውሮፓ ኅብረት ከ2019 ጀምሮ በሰባት ዓመት ውስጥ በአንድ ሄክታር ከ28 ኪሎ ግራም በላይ እንዳይረጭ ገድቧል። የዲሜተር ደንብ ይበልጥ ጠብቆ በአማካይ በዓመት 3 ኪሎ ይፈቅዳል። ተፈጥሯዊ የሚለው ቃል እንግዲህ ጉዳት የለሽ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ የለም።

ገደቡ በጠበቀ ቁጥር የዝናባማ ዓመት አደጋ ይጨምራል። በቦርዶ ፖያክ ውስጥ የቴሴሮን ቤተሰብ ንብረት የሆነው ሻቶ ፖንቴ ካኔ ይህን በራሱ ላይ አይቶታል። 81 ሄክታር ያህል ስፋት ያለው ይህ እርሻ በ2004 ወደ ባዮዳይናሚክ መዞር ጀመረ። በ2007 ሻጋታው ሲበረታ ባለቤቱ ተሸንፈው ኬሚካል አስረጩ፤ እስከዚያ የተሠራው የምስክር ወረቀት ጉዞም ከዜሮ ተጀመረ። በ2010 ምስክር ወረቀቱን አገኙ። ሻጋታው በ2018 ዳግም ሲመጣ ግን በዘዴያቸው ጸኑ፤ ከዓመቱ ምርት አብዛኛውን አጡ። በ2007 ያልተቻለው በ2018 የተቻለበት ምክንያት ተክሉ ስለጠነከረ አይደለም፤ ፍሬው እንዲያውም በሁለተኛው ጊዜ ይበልጥ ጠፍቷል። የተለወጠው ባለቤቱ ለመሸከም የወሰኑት ኪሳራ መጠን ነው።

የአንድ ጠርሙስ ሒሳብ

አሁን ወደ ገንዘቡ። ኩሌ ደ ሴራን ከአንድ ሄክታር የሚያወጣው ከ2,000 እስከ 2,500 ሊትር ያህል ነው። በሰባቱ ሄክታር ሲባዛ በዓመት 20 ሺህ ጠርሙስ ገደማ ይሆናል። ለምሳሌ ያህል በፈረስ ማረሱ፣ በእጅ ደጋግሞ መልቀሙና ዝግጅቶቹ ለአንድ ሄክታር 3,000 ዩሮ ተጨማሪ ወጪ ያስከትላሉ እንበል። ከአንድ ሄክታር ወደ 3,000 ጠርሙስ ስለሚወጣ ጭማሪው በጠርሙስ አንድ ዩሮ ነው። በአሥሮች በሚቆጠሩ ዩሮዎች ለሚሸጥ ወይን አንድ ዩሮ ምንም አይደለም።

ያንኑ ወጪ ደግሞ ሜዳ ላይ ርካሽ ወይን ለሚያመርት ገበሬ እንስጠው። እሱ ከአንድ ሄክታር 10 ሺህ ጠርሙስ ስለሚያወጣ ጭማሪው በጠርሙስ 30 ሳንቲም ብቻ ነው። ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ወይኑን በጅምላ የሚሸጥ ገበሬ ከአንድ ጠርሙስ የሚቀረው ትርፍ ከ30 ሳንቲም ሊያንስ ይችላል፤ በዚያ ላይ በስዊዘርላንዱ ሙከራ እንደታየው የ20 በመቶ የምርት ቅናሽ ሲጨመር ሥራው ኪሳራ ይሆናል። የአረም ማጥፊያው ምክር ለዦሊ ትርፉ ጥቂት፣ ጉዳቱ ብዙ ነበር። ለዚህኛው ገበሬ ግን ምክሩ የመኖርና ያለመኖር ጉዳይ ነው። ስለ ዘዴው ሥነ ምግባራዊ ስብከት ከማድረግ በፊት ይህን ልዩነት ማየት ያስፈልጋል።

የቤተሰብ ባለቤትነት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የዘዴው ወጪ ቀድሞ ይመጣል፤ ምርት ይቀንሳል፣ ሠራተኛ ይበዛል፣ አፈሩ እስኪያገግም ዓመታት ያልፋሉ። ጥቅሙ የሚታየው ሥሩ ከጠለቀ፣ ተክሉ ካረጀ በኋላ ነው፤ የዚህ እርሻ ወይኖች አማካይ ዕድሜ ከ35 እስከ 40 ዓመት ይደርሳል። በየሩብ ዓመቱ ለባለ አክሲዮን ሪፖርት የሚያቀርብ ድርጅት በ2018 የፖንቴ ካኔን ውሳኔ ለመወሰን ይከብደዋል። በሕይወት ዘመኑ ያልተሰበሰበውን ልጁ ትሰበስበዋለች ብሎ የሚያስብ ባለቤት ግን ጊዜን እንደ ካፒታል ይቆጥራል። ዘዴው ዝና ባገኘባቸው እርሻዎች ብዙውን ጊዜ ቤተሰብ የምናገኘው ለዚህ ነው።

የዘዴው ደጋፊዎች የሚያቀርቡት ክርክርም በዚሁ መነጽር መታየት አለበት። ከመቶ ሺህ በላይ የፈረንሳይ ወይኖችን ያጠና አንድ ጥናት ባዮዳይናሚክ ምስክር ወረቀት ያላቸው ወይኖች ከሃያስያን ከፍ ያለ ነጥብ እንደሚያገኙ አሳይቷል። ቁጥሩን ማመን ይቻላል፤ ምክንያቱን ግን መጠየቅ ይገባል። ወደ ዘዴው የሚገቡት መጀመሪያውኑ ጥሩ መሬት፣ ጥሩ ስምና ትዕግሥት ያላቸው ገበሬዎች ከሆኑ ነጥቡ ከቀንዱ ቀድሞ የነበረ ሊሆን ይችላል።

ስሙ ምን ይሸጣል?

ፈረንሳይ በ1935 ባወጣችው ሕግ አፔላሲዮን የሚባለውን የቦታ ስም ጥበቃ በመላ አገሪቱ ዘርግታለች። ሐሳቡ አንድ ቦታ በአፈሩ፣ በአየሩና በሰዎቹ ልማድ ምክንያት ሌላ ቦታ የማይገኝ ጣዕም ይሰጣል፣ ስለዚህ ስሙ የዚያ ቦታ ብቻ ይሁን የሚል ነው። ኩሌ ደ ሴራን ከዚህ ሥርዓት ውስጥ ብርቅ ቦታ አለው፤ አፔላሲዮኑ በሙሉ የአንድ ቤተሰብ ነው። ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉት የቡና ስሞች እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2007 ኢትዮጵያን ከአሜሪካው ስታርባክስ ጋር ያከራከሩበትን ጊዜ የሚያስታውስ አንባቢ የቦታ ስም ስንት ገንዘብ እንደሚያወጣ አስረጂ አያስፈልገውም።

ሕጉ ግን አንድ ቀዳዳ ነበረው። የእርሻውን ወሰን፣ የዝርያውን ዓይነትና የምርቱን ጣሪያ ሲወስን አፈሩ በሕይወት መኖሩን አልጠየቀም። አረሙ በኬሚካል ጠፍቶ፣ ተክሉ በፋብሪካ ማዳበሪያ አድጎ፣ ጭማቂው በተገዛ እርሾ ፈልቶ የወጣው ወይን በሕግ ፊት ያንኑ የቦታ ስም ይይዛል። የዦሊ ዋና ክርክር የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው፤ ቦታው ወደ ጠርሙሱ የሚገባበትን መንገድ ሁሉ ዘግተን ስሙን ብቻ የምንሸጥ ከሆነ ምን እየሸጥን ነው? የመሠረቱት ማኅበር ስም የአፔላሲዮኖች ትንሣኤ መባሉም ይህንኑ ይናገራል። ስለ ፕላኔቶች የሚሉትን የማይቀበል ሰው ይህን ጥያቄ መጣል አይችልም፤ ጥያቄው የሸማች መብት ጥያቄ ነውና።

ከዚህ የሚከተለው መደምደሚያ የዘዴውን ወዳጆችም ተቺዎችም ሙሉ በሙሉ አያረካም። ቀንዱን ማንም ሊቀብር ይችላል፤ ወጪው ጥቂት፣ ማስረጃውም ደካማ ነው። ፈረሱን፣ አምስት ዙር ለቀማውንና የጠፋውን ምርት መሸከም የሚችለው ግን ስሙ ውድ የሆነ፣ ባለቤቱም የማይቸኩል እርሻ ነው። ዘዴውን ለሁሉም ገበሬ መድኃኒት አድርጎ ማቅረብ ይህን የተደበቀ ድጎማ መርሳት ነው። ብዙኃኑን ገበሬ ሊደርስ የሚችለው ሌላኛው መንገድ ነው፤ የአፈር አያያዙን ራሱን የስሙ ግዴታ ማድረግ። ሴንት ኤሚሊዮንን የመሰሉ የፈረንሳይ የወይን አካባቢዎች የአካባቢ ጥበቃ ምስክር ወረቀትን በደንባቸው ማስገባት ጀምረዋል። ግዴታው ለሁሉም እኩል ሲሆን ወጪው በስሙ ዋጋ ውስጥ ይካፈላል፤ ጎረቤቱ ኬሚካል እየረጨ በርካሽ እንዳይሸጥበት የሚፈራው ገበሬም ሒሳቡ ይቀልለታል። ያን ጊዜ ቀንድ መቅበርና አለመቅበር የእያንዳንዱ ቤት የእምነት ጉዳይ ሆኖ ይቀራል፤ ስሙን የሚገዛው ሰውም ቢያንስ የሚከፍለው በሕይወት ላለ አፈር መሆኑን ያውቃል።